ሞተር አያልበውም

የመሥሪያ ቤታችን ሞተር ሳይክል ካንዴላው ስለተበላሸ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሌላ ልገዛ ወደ ዘቢባ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ዘቢባ አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ነገሌ ላይ የከፈቱትን ሱቅ የተረከበች፣ ሐዋሳ ተቀምጣ የአውቶሞቲቭ ሙያ ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት። ደንበኛ የማታስቀይም ልጅ መሆኗን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ከደጃፉ ስደርስ የሰማሁት ድምፅ የእርሷ መሆኑን ለማመን ተቸገርኩ።

«አልሸጥልዎትም አልኩ እኮ፣ ጋሽ ቢረሳው!»

«ሱቅ ከፍተሽ፣ ዕቃ ደርድረሽ አልሸጥም? አባትሽ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

አቶ ቢረሳው ከሰሜን በመንግሥት ሹፌርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ዛሬ ከነገሌ ወደ ወደራ ከተማ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው አዲስ የዘይት ፊልትሮ፣ በሌላው ፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ፊልትሮ ይዘዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ።

«ና እስቲ ዶክተር፣ ፍረደን!»

«ጋሼ፣ እኔ የከብት ደም በማጉሊያ የማይ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም።»

«ይበልጥ ደግ! አንተ ሳታይ አትፈርድም። ይቺ ልጅ ግን ትምህርቷን ይዛ ታስቸግረኛለች። ይኸው አዲሱ፣ ይኸው አሮጌው። የሁለቱም መጠምዘዣ ጥርስ አንድ ነው። ለክቼዋለሁ፤ ጥርሱ ከያዘ ሌላ ምን ቀረው? ደግሞ እየው፣ እርሷ ይሻልዎታል ከምትለኝ ፊልትሮ ይተልቃል። ትልቅ ፊልትሮ ብዙ ቆሻሻ ይይዛል።»

«የጭነት መኪና ፊልትሮ ነው» አለች ዘቢባ። «ለጭነት መኪና ጥሩ ነው። ለአንቱ ፒክአፕ ግን አይሆንም። ሞተሩ ገና ትናንት ታድሶ ከጋራዥ ወጣ፤ ያንኑ ዓይነት ፊልትሮ መልሰው ሊያስሩበት ነው?»

«ሞተሩን ፊልትሮ አልገደለውም። ሌባ ነው የገደለው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን እንዲያውቀው ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያ ፒክአፕ ወደራ ሳይደርስ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። ሲታይ ዘይቱ ከልክ በታች ወርዷል። አቶ ቢረሳው ማንንም ሳይጠይቁ መናኸሪያ መጥተው፣ ሹፌራቸውን ዱጋሳን በተሳፋሪና በሹፌር ፊት «ዘይቴን እየቀዳህ የምትሸጥ ሌባ!» ብለው ቁልፉን ነጠቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዱጋሳ መኪናውን የሚሰጥ ባለንብረት ጠፋ። መንጃ ፈቃዱን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ከመናኸሪያው ግንብ ተደግፎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። ሚስቱ ዱረቲ እዚያው አጠገብ ወተት ትሸጣለች፤ የሌባ ሚስት ወተት በውሃ ትቀላቅላለች የሚሉ ደንበኞችም ተገኙ። አንድም ሰው ግን «ሲሸጥ ያየው ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ዘቢባ ያን ቅዳሜ ጠየቀች።

«አላየሁም» አሉ አቶ ቢረሳው። «ግን ዘይት ክንፍ አለው? እሞላለሁ፣ ይጎድላል። ደግሜ እሞላለሁ፣ ይጎድላል።»

«ዱጋሳ ስለዚህ ነገር ምንም አልነገረዎትም?»

«እንዴት አይነግረኝ! ከሞተሩ ሥር ረጥቧል እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር። እኔም መለስኩለት። መኪና ደጋ ሲሆን ደረቅ ነው፣ ቆላ ሲወርድ ሞተሩ ያልበዋል። ይህን ያልሰማ ሹፌር አለ?»

በእውነቱ ያልሰማ የለም። ይህን «የሞተር ላብ» ሻኪሶ ጋራዥ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ተልተሌም የተሽከርካሪ ችግር ገጥሞን ስንቆም ሰምቼዋለሁ። ከደጋ የወረዱ ሹፌሮች ሙቀቱ ራሳቸውን ሲያቃጥላቸው ብረቱም እንደ እነርሱ የሚያልበው መሰላቸው። የሚያናድደኝ አለማወቃቸው አልነበረም፤ አለማወቅማ በትምህርት ይስተካከላል። የሚያናድደኝ ይህ አባባል ጎንበስ ብሎ ማየትን ማስቀረቱ ነው። ረጠበ ሲባሉ «ላብ ነው» ይሉና ጉዳዩ ይዘጋል።

ዘቢባ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የንዴት ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ያልበዋል፤ በቅሎም ያልባታል። ብረት ላቡን ከየት ያመጣል? ሞተር ወይ ያፈሳል፣ ወይ ያቃጥላል። ሦስተኛ የለውም። ደግሞ ራስዎን ይስሙ እንጂ! ሲረጥብ ላብ ነው አሉ፣ ሲጎድል ተሰረቀ አሉ። ያ ያላበው ነገር ምንድን ነው? ውሃ ነው?»

«ዘይት ነዋ።»

«ከየት የወጣ ዘይት?»

አቶ ቢረሳው ፌስታሉን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«ላብ እኮ ጠብታ ነው!» አሉ።

«ወደራ ድረስ የሚንጠባጠብ ጠብታ» አልኳቸው፣ «ሄዶ ሲመለስ፣ በማግስቱም ሲደገም ጠብታ ሆኖ ይቀራል? እስቲ ያንን አሮጌ ፊልትሮ ያሳዩኝ።»

ከፌስታሉ አውጥተው ሲሰጡኝ በእጅጌያቸው ሊጠርጉት ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። «አይጥረጉት፤ እኔ የምፈልገው ቆሻሻውን ነው» አልኩና ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ እያዞርኩ ተመለከትኩት። በአንደኛው ጎኑ ቀይ አፈር ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ቅርፊት ተጋግሯል። በሌላው ጎን ቀለሙ ሳይነካ ደርቆ ይታያል።

«ይህ የወደራ መንገድ አቧራ ነው» አሉ አቶ ቢረሳው። «አቧራ ያልለበሰ መኪና አምጣልኝ።»

«አቧራ ሁለቱንም ጎን ይመታል፣ ጋሼ። ይኼኛው ጎን ለምን ንጹሕ ሆነ?»

ፊልትሮውን በአፉ በኩል ገለበጥኩት። ፊልትሮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ክብ የጎማ ቀለበት፣ ማለትም ጎሚኒው ላይ ሞተሩ ተጭኖ የተወው ምልክት ነበር። ምልክቱ ግን ክብ ሆኖ አልገጠመም። በደረቁ በኩል መሐል ለመሐል ጠልቆ ይሄዳል፤ አፈር በተጋገረበት በኩል ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይሸሽና ይጠፋል። ዘቢባ ለፒክአፑ ሞተር የተሠራውን ፊልትሮ ከመደርደሪያ አውርዳ ከጎኑ አስቀመጠችና በመለኪያ ለካችው። ጥርሱ አንድ ነው። የጎሚኒው ክብ ግን የአሮጌው ይሰፋል።

«አዩ?» አለች። «ጥርሱ ያዘልዎት። ጎሚኒው ግን ከመቀመጫው ተርፎ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። ዘይቱ በግፊት ሲመጣ በዚያ ይወጣል፤ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ደግሞ ይብሳል። አንቱ ከላይ ሲሞሉ፣ ፊልትሮው ከታች ሲያፈስ ነው የከረማችሁት።»

«እሺ፣ ጥቂት አፈሰሰ እንበል» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል። «ሞተሩን እስኪያጣብቅ ነው? ቢያንስ ቆሻሻውን ይዞልኛል። ቁረጡትና እዩት! ጢም ብሎ ነው የምታገኙት።»

ዘቢባ የብረት መጋዝ አነሣች። መጋዝ አይሆንም አልኳት፤ የመጋዙ ብናኝ ውስጡ ከገባ፣ የምናየው ብረት የሞተሩ ይሁን የመጋዙ ማወቅ አንችልም። በጉጠት ቀደን በቆርቆሮ መቀስ ዙሪያውን ቆረጥነው። ውስጡ ያለው የማጣሪያ ወረቀት እጥፋቱ ሳሳ ያለና የተዛነፈ ነበር። ጫፉን ከቆርቆሮው ጋር የሚይዘው ማጣበቂያ ለቅቋል። ዘቢባ ትንሿን ጣቷን በክፍተቱ አሾለከች።

«ከማን ነው የገዙት?»

«ገበያ ውስጥ ሸራ ዘርግተው ከሚሸጡት። ካርቶኑ ያምር ነበር።»

«ካርቶኑንማ ሞተሩ አያነበውም። ዘይቱ በወረቀቱ መጣራቱን ትቶ በዚህ ክፍተት ሾለከ። ወረቀቱን ይዩት፤ ይህን ያህል ጊዜ ሠርቶ ይህን ያህል ንጹሕ! ቆሻሻው የት የሄደ ይመስልዎታል?»

አቶ ቢረሳው ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ቆሻሻው የት እንደ ሄደ ራሳቸው ነገሩን።

«የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚን ተፋፍቆ ነው የወጣው። መካኒኩ አሳይቶኛል። አሸዋ የበላው ይመስላል ብሎኝ ነበር።» የተቆረጠውን ፊልትሮ ወደ ዘቢባ ገፋ አደረጉ። «እሺ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚመረጠው?»

የዘቢባ ቁጣ በረደ። አጠገባቸው ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። መጀመሪያ የመኪናው ስም ሳይሆን የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር ይታያል፤ አንድ ዓይነት ፒክአፕ የተለያየ ሞተር ይዞ ሊመጣ ይችላልና። በዚያ ቁጥር የሚሆነው የፊልትሮ ቁጥር በመኪናው መጽሐፍ ወይም በሻጩ ማውጫ ይፈለጋል። ከዚያ ጥርሱ፣ የጎሚኒው ስፋትና ቁመቱ ይመሳከራል።

«ትልቁስ ምን ጉዳት አለው?» ሲሉ አቋረጧት።

«ውጭው ትልቅ ስለሆነ ውስጡ የተሻለ አይሆንም። ውስጡ በር አለው። ወረቀቱ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ ይከፈታል። የሚከፈትበት ግፊት ደግሞ እንደየሞተሩ ነው። የሌላ ሞተር ፊልትሮ ሲያስሩ፣ በሩ ያለጊዜው ተከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ይለቃል፣ ወይም ሲፈለግ አይከፈትም። ሁለቱንም ከውጭ አያዩትም። ለዚህ ነው ቁጥሩን የሚያምኑት።»

«ጥራቱንስ በምን ልየው?»

«በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚይዝ ጎማ አለ፤ ለስላሳና የሚታጠፍ መሆን አለበት። ቁጥሩ በካርቶኑ ብቻ ሳይሆን በራሱ በፊልትሮው ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኝ። ብረቱ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ አይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገ ዕቃው ቢያስቸግርዎት ተመልሰው ከሚያገኙት ሰው ይግዙ። ሲያስሩት ጎሚኒውን ዘይት ይቀቡት፣ በእጅ ያጥብቁት፣ ሞተሩን አስነሥተው ከሥር ይመልከቱ። ከረጠበ ላብ አይደለም።»

ትክክለኛውን ፊልትሮ ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። ዘቢባ ግን አልለቀቀችውም።

«ይህን እሸጥልዎታለሁ። ዱጋሳስ?»

«ሽማግሌ እልክበታለሁ።»

እኔም ራሴን መያዝ አልቻልኩም። «ሌባ ሲሉት ሽማግሌ ልከው ነበር?» አልኳቸው። «መናኸሪያ መሐል ቆመው አይደለም እንዴ የጮኹት? ስድቡን ከተማው ሁሉ ሰምቶ ይቅርታው በጓዳ ያልቃል? ሰውየው የኖረው በመንዳት ነው፤ ማን ነው ቁልፍ የሚሰጠው?»

ይህን ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌ በሽማግሌ ፊት ተናግሬ አላውቅም። አቶ ቢረሳው በቁጣ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ የተቆረጠውን ፊልትሮ ከነጋዜጣው ጠቀለሉና ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመሩ። ዘቢባ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ተከተለች፤ እኔም ተከተልኩ።

ዱጋሳ ከግንቡ ሥር ነበር።

«አካም፣ ዱጋሳ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት።

«ናጋ» አለ፣ ሳይነሣ።

ሹፌሮቹ ጠብ መስሏቸው ተሰበሰቡ። አቶ ቢረሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰዎች፣ እዚህ ቦታ ላይ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ዋሽቻለሁ። ዘይቴን ማንም አልሰረቀኝም።»

ዱረቲ ከወተት ጀሪካኖቿ አጠገብ ብድግ አለች። «ዘይቱ የት ገባ ታዲያ?» አለች ጮክ ብላ። «እኛ አልጠጣነው!»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ጋዜጣውን ፈትተው መሬት ላይ ዘረጉና ለእርሷ አስረዷት፤ የጎሚኒውን ምልክት፣ አንድ ጎኑን ብቻ የለበሰውን አፈር፣ የለቀቀውን ወረቀት። አንዳንዱን ከዘቢባ በተሻለ ተናገሩት። ዱረቲ አማርኛው ሲያጥራት አንድ ሹፌር ወደ ኦሮምኛ ተረጎመላት።

«ጋሽዬ፣ ቆላ ሞተር ያልበዋል አላሉንም ነበር እንዴ?» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«ብያለሁ። እናንተም አምናችሁኛል፤ ጥፋቱ እዚያ ነው» አሉት።

ዱረቲ ወረቀቱን አገላብጣ አየች። «እርሱ ረጥቧል ብሎዎት ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ጎንበስ ብዬ አላየሁም።»

ያኔ ዱጋሳ ከግንቡ ተነሣ። «ሰው ሰምቷል፤ ይበቃኛል» አለ። «ሥራው ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ፣ አባ። ከእንግዲህ ፊልትሮውን እኔና ዘቢባ እንመርጣለን። እኔ ረጥቧል ስል አንቱ መጥተው ያያሉ።»

«እሺ» አሉ አቶ ቢረሳው። «እሺ፣ አያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዱጋሳ አዲሱን ፊልትሮ ጎሚኒውን ዘይት ቀብቶ በእጁ አጠበቀ። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪሞቅ ከቆየ በኋላ ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለዘቢባ ሰጥተው በሆዳቸው ተኙና ከሥር ተመለከቱ። ደረቅ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ባለ መኪና ሁሉ እንዲያስብበት ነው። ለሞተሩ የሚስማማና በደንብ የተሠራ ፊልትሮ የሚመርጥ ሰው ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል፤ ዘይቱ በልኩ ይቆያል፤ ተሳፋሪው በረሃ መሐል አይቀርም። ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዘይቱ የጎደለበትን ምክንያት ፈልጎ የሚያገኝ ባለንብረት በሠራተኛው ስም ላይ አለመነሣቱ ነው። ስንት ሹፌር በየከተማችን በላብ ተረት ሌባ ተብሎ ይሆን?

ሰኞ ጠዋት ፒክአፑ ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ወደራ ሲወጣ መናኸሪያው አጠገብ ነበርኩ። ዱረቲ ዘንድ ወተት የሚገዛው ሰው ሰልፍ ይዟል። ከሰልፈኞቹ መሐል አቶ ቢረሳው ቆመዋል፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።