ከኮረብታው ማዶ ያለው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመኪናዬ ራዲያተር ባይፈላ ኖሮ ጋሽ ማርሽን ዳግመኛ ላላገኛቸው እችል ነበር። አስፋልቱ አልቆ የአሸዋው ኮረብታ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያው የድሮው ጋራዥ ቆሟል። ቆርቆሮው ዝጓል። የየመፍቻው ቅርጽ በቀለም የተሳለበት ሰሌዳ ግን አሁንም ከግድግዳው አልወረደም፤ እያንዳንዱ መፍቻ በገዛ ሥዕሉ ላይ ተሰቅሏል። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ እሑድ እሑድ እዚህ እየመጣሁ መኪኖች አሸዋውን ሲወጡ አይ ነበር። የተቃጠለው ዘይት ሽታም ያው የድሮው ነው።

"መምህር!" አሉኝ ከአንድ መኪና ሥር ብቅ ብለው። "አንተ አሁንም ውሃ ሳታይ ነው የምትነዳው?"

ጋሽ ማርሽ የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የማርሹን ድምፅ ብቻ ሰምተው የሾፌሩን ጠባይ ይናገሩ ስለነበር ነው። ያን ኮረብታ በመኪና መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬም የአሸዋ ሾፌሮች የማንንም ትእዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው የሚሰሙት የእሳቸውን ቃል ብቻ ነው።

ውሃውን እየሞሉልኝ ሳለ የእህታቸው ልጅ ገባች። ኮረብታው አሁን የታወቀ የመዝናኛ ስፍራ ሆኗል፤ እሷ የስፍራው የደኅንነት ኃላፊ ናት። ፀሐይ ፊቷን አጥቁሮታል፣ ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ ገመድ፣ በእጇም ገመዱ የሚታሰርበት ካስማ ይዛለች። አጎቷን ሰላም ብላ፣ ለእኔም እጅ ነስታ፣ ተቀመጪ ብንላት ቆማ ቀረች።

"ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንዎት ነው። ነገ ተመልካቹ ከገመድ ውጭ ካልቆመ፣ ሾፌሮቹም ተራ ጠብቀው በባንዲራ ካልወጡ፣ አስተዳደሩ ኮረብታውን ጨርሶ ሊዘጋው ነው። ሾፌሮቹ ደግሞ 'ጋሽ ማርሽ ሳይሉ አንቀበልም' ብለውኛል።"

"አላልኩም፤ አልልምም!" መፍቻቸውን በጨርቅ ጠረጉት። "አንቺ ሳትወለጂ እኔ እዚያ ነበርኩ። ሰዉ ራሱ እንደ በር ይከፈት ነበር፣ ልጄ። መኪናው አናቱ ላይ ብቅ ሲል ግራና ቀኝ ይልና ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ ያሳልፋል። አጥራችን ሰው ነበር። አሁን ሰውን እንደ ከብት በገመድ ልታጥሪው?"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ። ኮፈኑን ይመቱ ከነበሩት እጆች አንዱ የእኔ ነው። ሰው ወጣትነቱን ያሳለፈበት ቦታ ታጥሮ ማየት አይወድም፤ ትዝታም ክፉ ዳኛ ነው፣ የአንዱን ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። ይህን የተረዳሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

"ያኔ ስንት ነበራችሁ?" አለቻቸው።

"ብዙ ነበርን!"

"ስንት፣ ጋሼ?"

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁለቱ መንትዮች፣ ልብስ ሰፊው፣ ፖስተኛው፣ እኔ ... አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆሙ።

"አሥራ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ያውቋቸው ነበር አይደል? ማን ጆሮው እንደሚከብድ፣ ማን ለመሸሽ እንደሚዘገይ?"

"ልብስ ሰፊው እግሩ ሰነፍ ነበር!" ብለው ሳቁ። "እሱ ወደ ቆመበት ወገን መሪ አዙሬ አላውቅም።"

"ባለፈው እሑድ መግቢያው ላይ የቆጠርነው ሰው ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። ስንቱን ያውቃሉ? የኋላው ለማየት ይገፋል፣ የፊተኛው መሸሻ የለውም። በር የሚከፈተው እኮ ከጀርባው ባዶ ቦታ ሲኖር ነው።"

"ሾፌሩስ ዓይን የለውም?"

"ሲወጡ ምን ነበር የሚታይዎት?"

ጋሽ ማርሽ መፍቻውን መልሰው ሥዕሉ ላይ ሰቀሉት። "ኮፈንና ሰማይ" አሉ።

"ታዲያ ከማዶ ሰው አለመኖሩን በምን ያውቁ ነበር?"

"ፖስተኛው ነበራ! አናቱ ላይ ቆሞ ቆቡን ካላነሳልኝ ሞተር አላስነሳም። እንዲያውም አንድ እሑድ ቆቡን ነፋስ ወስዶበት፣ እሱን ስንፈልግ ውለን አንድም መኪና ሳይወጣ ወደየቤታችን ገባን።"

እሷም ፈገግ አለች። "ይኸው እኮ ነው የምልዎት ጋሼ። ባንዲራው ያው ቆቡ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ቀይ አደረግነው እንጂ።"

የተሸነፈ ሰው ሁሉ ወዲያው እጅ አይሰጥም፤ አንዳንዱ እልህ ይይዘዋል። ጋሽ ማርሽ ፊታቸው ቀላ። "ፖስተኛው ጓደኛዬ ነበር! ጨርቅ ከእሱ ጋር ታወዳድሪያለሽ? ኑ ውጡ፣ ያለ ባንዲራ እንዴት እንደሚወጣ ላሳያችሁ!"

ከእሷ ልመና በቀር የሚያስቆማቸው አልነበረም። "እሺ፤ ግን ለእናቴ ሲሉ፣ ከአናቱ አሥር እርምጃ ሲቀር ይቁሙልኝ። በእግር አይተን ከዚያ ይለፉ።"

"አሸዋ መሃል የሚቆም ሾፌር ሞኝ ነው" እያሉ ቢያጉረመርሙም የእህታቸው ስም ከበዳቸው። አሸዋው እንዳይውጠን የመኪናቸውን ጎማዎች ካስተነፈሱ በኋላ ተነሳን፤ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ። የእጃቸው ብልሃት አሁንም አልከዳቸውም። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ እኔም ወጣትነቴ ተመልሶልኝ "ይለፉ፣ አይቁሙ!" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊት ለፊታችን የነበረው ኮፈንና ሰማይ ብቻ ነው። አሥር እርምጃ ሲቀር፣ እየተራገሙ ቆሙ፤ የኋላ ጎማዎቹም ሰመጡ።

በእግራችን አናቱ ላይ ወጣን። ከማዶ፣ ከጫፉ ሦስት እርምጃ ዝቅ ብላ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ሕፃኗን ጡት ታጠባለች። ነፋሱ የሞተሩን ድምፅ ወደ ጎን ስለወሰደው፣ እሷም ጎድጎድ ያለ ቦታ ስለነበረች አልሰማችንም። ዘወር ብላ ስታየን እንደማፈር አለችና "እዚህ ጋ ነፋስ የለም ብዬ ነው፤ ክልክል ነው እንዴ?" አለች።

የደኅንነት ኃላፊዋ ራሷ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ እሷም ሰው እንዳለ አላወቀችም ነበር። ጋሽ ማርሽ የመጡበትን የጎማ ዱካ አዩ፣ ሴቲቱን አዩ፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። እኔም ባለመናገሬ ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ልናገር መቃጣቴን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጋሽ ማርሽ "ገመዱን አይደለም የጠላሁት፣ ልጄ" አሉ። "ፖስተኛው ሞተ፣ መንትዮቹ አገር ለቀው ሄዱ። ዳቦ ጋጋሪውን ባለፈው ልጠይቀው ብሄድ 'ማን ልበል?' አለኝ። የቀረኝ ይህ ኮረብታ ነው። ሰዉን ገመድ ከጠበቀው እኔ ምን ልሠራ ነው? ብዬ ነው።"

"ገመድ አፍ የለውም፣ ጋሼ" አለቻቸው አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ። "ለምን እንደተወጠረ የሚነግር ሰው ይፈልጋል። እኔ ስነግራቸው ደንብ ይሆንባቸዋል፤ እርስዎ ሲነግሯቸው ምክር ይሆናል።"

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ተነሱ። "የገመዱን ካስማ አቀብዪኝ። እዚህ ጋ ነው የሚተከለው፤ አንቺ ያሰብሽበት አሸዋ ልል ነው፣ አይይዝም።"

በማግስቱ ሁሉም ነገር ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። የተጨቃጨቀም ገመድ የዘለለም ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ከጎን ካለው ተረተር ላይ ሲቆም፣ ፊቱን የሚጋርደው ስለሌለ ከድሮው የበለጠ አየ። መውጫውና መውረጃው ተለየ፤ ለአምቡላንስ የተተወው መንገድ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ዋለ፣ ባዶ መዋሉም ደስታችን ነበር። ልጅ ለያዙት ከነፋስ የተከለለ ቦታ ተሰጣቸው። አስተዳደሩም ኮረብታውን አልዘጋም። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ሲሉ የሚፈራ ሰው ተረት መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ የሚወዱትን ነገር ለልጅ ለማቆየት የተነገረ ነው። ያለፈውን ዘመን የምንናፍቅ ሰዎች ደግሞ ጭፈራውን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም አብረን ብንናፍቅ ይበጀናል። እኔም ሄጄ ከገመዱ ኋላ ቆምኩ።

ጋሽ ማርሽ ቀዩን ባንዲራ ይዘው አናቱ ላይ ቆመዋል። አንድ ጎረምሳ ሾፌር ከታች ሞተሩን እያስጮኸ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ትዕግሥቱ አለቀና መስኮቱን ከፈተ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይልቀቁኝ! ምንድን ነው የምጠብቀው?"

"ማዶ ሰው አለ።"

"ማነው?"

"አላውቀውም" አሉት። "የምትጠብቀውም ለዚሁ ነው።"

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።