ብርድ እንዳይመታው

ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ በሚወርድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ምሳ ዕቃ የታቀፈችውን ሴት ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ አነጋገሯት።

«ሰው ታሞብሽ ነው ልጄ?»

«ባለቤቴ ነው፣ አባባ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።»

«ነፍስ ይማር።»

«አልሞተም። ሐኪም ቤት ደረቱን እየተጫኑ መለሱት። ከዚያ ሐኪሙ አንጎሉ እንዳይጎዳ ብሎ ራቁቱን በበረዶ ከበበው።»

«በበረዶ?»

«ምክንያቱን ነርሷ የነገረችኝ ኋላ ነው። እኔ ስገባ እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ አገኘሁት። በረዶውን ጠርጌ ጣልኩና በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስም እግሩ ሥር አደረግኩ።»

«ማንም ሴት ይህንኑ ታደርግ ነበር።»

«ሐኪሙ ሊያስረዳኝ ቢሞክር አልሰማሁትም። ቀበሌ ሄጄ፣ ባሌን በብርድ ሊገድለው ነው ብዬ ጮህኩ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ ልጄ፣ ሰው ይሰማል።»

«አሁን ብቀንሰው ምን ሊረባ? መቀነስስ ያኔ ነበር።»

«ሐኪሙን ምን አደረጉት?»

«ውጭ የተማረ ሰው አይደል፤ ሰበብ ነበር የሚፈልጉት። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎቹ መጥተው ወሰዱት።»

«ባልሽስ?»

«ይበላል፣ ይተኛል። ምሳውን ሲጨርስ፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ ይለኛል።»

«ሐኪሙ የት እንዳለስ ጠይቀሻል?»

«በምን አፌ ልጠይቅ፣ አባባ? የከሰስኩት እኔ ነኝ።»

ፒያሳ ስንደርስ ያካፋ ነበር፤ እኔ ግን የደረብኩትን ጋቢ አውልቄ በብብቴ ይዤ ወረድኩ።