ቄስም ወታደርም ላልነበሩት ለአቶ ጌዲዮን ደበላ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ አቶ ጌዲዮን ደበላን ለመሸኘት ከአቃቂ፣ ከሳሪስና ከኮዬ ፈጬ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ታሪካቸውን ላንብብላችሁ። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ያዘጋጀው ጽሑፍ ከዚህ ያጠረና ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ስለ እኚህ ሰው ለዓመታት ሲወራ የኖረው ስሕተት ሳይታረም መቃብር እንዲወርዱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ፈቃደኛ ስላልሆኑ፣ እኔም በጉርብትና ሽምግልናዬ እንዳነብ የታዘዝኩት ሙሉውን ነው። ጆሮ የሚያቀላ ነገር ብትሰሙ ከእኔ አይደለም።

አቶ ጌዲዮን ከአባታቸው ከአቶ ደበላ ቃልቤሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጋዲሴ ቢራ በ1975 ዓ.ም. አቃቂ ውስጥ ተወለዱ። አያቶቻቸው ዛሬ መጋዘን በተደረደረበት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያመርቱ የነበሩ ሲሆን፣ አባታቸው ግን ከእርሻው ወጥተው በፋብሪካ ጥገና ሥራ ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። አቶ ጌዲዮን ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አቃቂ ተከታትለው፣ በብረታ ብረት ሙያ ሠልጥነው፣ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጥረው እስከታመሙበት ጊዜ ድረስ ብረት ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ እጅግ ዓይነ አፋር ነበሩ፤ እናታቸው እንደሚሉት፣ እንግዳ ቤት ሲገባ እርሳቸውን መፈለግ ከበር ኋላ ነበር። ያ ዓይነ አፋርነት ሌላው ሰው አድጎ እንደሚተወው ሳይተዋቸው ቀረ።

በቶርኖ ቤቱ ሳሉ አቶ ሻፊ የተባሉ የሥራ ባልደረባቸው ከውጭ አገር የመጣላቸውን የጠረጴዛ ጨዋታ አስተዋወቋቸው። ቁማር እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ የሚባል ነገር አይነካውም። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ተረቱን ሲመራ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው በተረቱ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ፈጥረው እርሱን ሆነው ይናገራሉ፤ ያ ሰው ወታደር፣ ቄስ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዘንዶ ይገጥማል፣ የተቆለፈ ግንብ ይገባል፣ መሳካት አለመሳካቱንም ዳይስ የሚባለው፣ በየገጹ ቁጥር ያለበት የሚወረወር ጠጠር ይወስናል። በጨዋታው ሕግ መሠረት ደግሞ ሰውየው በልምድ እያደገ ሲሄድ በጀመረው ሙያ ብቻ እንዲዘልቅ አይገደድም፤ ወታደር ሆኖ የጀመረ፣ ደረጃ ሲጨምርለት እድገቱን ለቅስና አውሎ ሁለቱን ማጣመር ይፈቀድለታል፤ ኪሳራው በአንዱ ብቻ ከጸኑት ሰዎች በሁለቱም ወደኋላ መቅረቱ ነው። አቶ ጌዲዮን ያጣመሩት ወታደርንና ቄስን ነበር። ጓደኞቻቸው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነህ ልትቀር ነው እያሉ ቢያሾፉባቸውም፣ እርሳቸው ግን መትቶ የሚጥል ብቻ ሳይሆን የወደቀውንም በጸሎት የሚያነሳ ሰው እፈልጋለሁ ብለው በሐሳባቸው ጸኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲዘጋ ከቶርኖ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ይሰበሰቡ ነበር፤ በአደባባይ ሁለት ቃል ለመናገር የሚጨነቁት ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ድምፃቸው ሞልቶ ይሰማ እንደነበር አቶ ሻፊ እያለቀሱ ነግረውናል። ይሁን እንጂ ትልቅ ሰው ሆነው ተረት ተረት መጫወታቸው ያሳፍራቸው ስለነበር፣ የት ዋልክ ሲባሉ ትርፍ ሰዓት ነበረኝ ይሉ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከወይዘሮ አስቴር ሀብተሚካኤል ጋር ተዋውቀው ተፈቃቀዱ። የወይዘሮ አስቴር አባት መሪጌታ ሀብተሚካኤል ሳሪስ የሚኖሩ የዜማ መምህር ስለሆኑ፣ ሽማግሌ የግድ መላክ ነበረበት፤ የሽማግሌዎቹም አለቃ የአቶ ጌዲዮን እናት ወንድም አቶ ኦላና ቢራ እንዲሆኑ ተወሰነ። አቶ ኦላና ስለ ጉዳዩ ሊመክሩ አንድ ቅዳሜ ቶርኖ ቤቱ ድረስ ቢመጡ ጨዋታው ደርቶ አገኙት። ቀልድ የማያልቅባቸው አቶ ሻፊም፣ «ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ እኮ እንዲህ ዝም ያለ አይምሰልዎት፤ ወታደርም ቄስም ነው!» አሏቸው። አቶ ጌዲዮን ዳይሱን በመዳፋቸው ሸፍነው መሬት መሬት አዩ። ጨዋታ ነው ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን አጎታቸው ፊት ይህን መናገር አሳፈራቸውና ዝም አሉ፤ አጎትየውም ይህን ሁሉ ማዕረግ ደብቆ የኖረ ምን ዓይነት ትሑት ልጅ ነው ብለው ልባቸው ተነክቶ ሄዱ።

የተላከ ሽማግሌ ልጁን ማሞገስ ወጉ ነውና፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እምብዛም የማያውቁት አቶ ኦላና በመሪጌታ ቤት ቆመው፣ «ልጃችን ጦር ሜዳ ውሎ የተመለሰ ጀግና ነው፤ በዚያ ላይ ቅስና ተቀብሏል» ብለው ተናገሩ። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ቅስና ተቀብሎ ነው ዛሬ ሚስት የሚጠይቀው? ሰው በገደለበት እጁ ነው መስቀል የጨበጠው?» አሉ። እንደምታውቁት ቄስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ያገባል እንጂ ከተሾመ በኋላ አያገባም፤ ደም ያፈሰሰም መቅደስ አይገባም፤ በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ተስማምተው የኖሩት ሁለቱ ሙያዎች በዚያ ሳሎን ውስጥ አቶ ጌዲዮንን ክህነቱን ያፈረሰና መቅደስ ያረከሰ ሰው አደረጓቸው። ሽማግሌዎቹም የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ወይዘሮ አስቴር እውነቱን ከራሳቸው ከአቶ ጌዲዮን ሰምተው ያውቁ ስለነበር ሄጄ ለአባቴ ልንገር ቢሉ፣ አቶ ጌዲዮን፣ «በልጅ ጨዋታ ተዋረደ ከምባል ቅስናውን አፈረሰ ብባል ይሻለኛል» ብለው አስማሏቸው። በ2005 ዓ.ም. ያለ አባት ምርቃት በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብተውም ልጃቸውን እምነትን አፈሩ። ወሬው ግን እግር አውጥቶ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። በክርስትናዋ ቀን አያቷ አልመጡም። አቶ ጌዲዮን ሰው ሲጠቋቆምባቸው ስለሚሸማቀቁ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ከአጥር ውጭ ቆመው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣም ከዚያ አይነቃነቁም ነበር። ቅዳሜያቸውን ባይተዉም፣ አቶ ሻፊ እንደነገሩን ከዚያ ወዲያ ለቄሱ አንዲት እድገት ጨምረውለት አያውቁም፤ ወታደሩ ብቻውን አደገ። አንድም ሰው ቀርቦ እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም፤ ይህ ሁላችንንም የሚያኮራ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት ከጀመሩ በኋላ፣ ሕመሙ እየጸናባቸው ሲሄድ፣ መሪጌታን ጥሩልኝ አሉ። መሪጌታም የንስሐ ቃል የሚሰሙ መስሏቸው መጡ። አቶ ጌዲዮን ትንፋሽ እያጠራቸው ዳይሱን አልጋቸው ላይ ዘርግተው፣ ወታደሩን፣ ቄሱን፣ ሁለቱ እንዴት እንደተጣመሩም አንድ በአንድ አስረዷቸው። መሪጌታም አንዱን ዳይስ አንሥተው እያገላበጡ፣ «ታዲያ ይህን ያን ጊዜ ምነው ሳትነግረኝ?» አሏቸው።

«አፈርኩ፣ አባባ» አሉ አቶ ጌዲዮን።

መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እኔስ አንድ ቀን ጠርቼ ብጠይቅህ ምን ነበረበት?» አሉ፤ ይህም እዚህ እንዲነበብ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሕመምተኛው አልጋ አልተለዩም፤ ባልና ሚስቱ ጋብቻቸውን በቅዱስ ቁርባን እንዲያጸኑም እርሳቸው ራሳቸው ከካህናቱ ጋር ተነጋግረው ለፊታችን እሑድ ቀጠሮ አስያዙ። ሆኖም አቶ ጌዲዮን ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ጌዲዮን የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቴርን፣ ልጃቸውን እምነትን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ጋዲሴንና፣ ማንም ወቀሳ እንዳያደርስባቸው ሟች አጥብቀው አደራ ያሉላቸውን አጎታቸውን አቶ ኦላናን፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ የትርፍ ሰዓት ባልደረቦች ሲባሉ የኖሩትን የጨዋታ ጓደኞቻቸውን ትተው ተለይተዋል። መሪጌታ ሀብተሚካኤልን በተመለከተ፣ «አባቱ ብላችሁ ጻፉኝ» ብለው እያለቀሱ ለምነውን ነበር። ወይዘሮ አስቴር ግን አልፈቀዱም። ጌዲዮን በሞት የቀደሟቸው የራሳቸው አባት ነበሯቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኙት፣ በር ከፍቶ ግባ የሚላቸውን አማት ነበር፤ ስለዚህ አማት ተብሎ ይነበብ ብለዋል። እኛም እንደ ቃላቸው፣ አቶ ጌዲዮን አማታቸውን መሪጌታ ሀብተሚካኤልን ትተው ተለይተዋል ብለን አንብበናል።

ማንም ራሱን ማስረዳት በማያስፈልገው ስፍራ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መጽናናትን፣ ለመጠየቅም አንደበትን ይስጠን። አሜን።