በላይ አምባ ማኅበር ስም ስለወጣው የበግ ላት ልኬት ማስታወቂያ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ በዕውቀቱ ሸዋአለም ገሠሠ
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል ያቋረጠ
ሥራ፦ ሞባይል ጥገናና ዘፈን መጫን
አድራሻ፦ ራቤል ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበሉት፦ ም/ሳጅን ወልደ ጻድቅ ቅጣው

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው፣ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያ መጥቼ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። የላይ አምባ በግ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ወ/ሮ እታገኝ ትናንት የተያዘችው ሐሰተኛ ማስታወቂያ በማኅተም አውጥታለች ተብላ ነው። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ ብናገር ተረኛው ፖሊስ "ደግሞ ጀመረህ!" ብሎ መልሶኛል። አልፈርድበትም፤ የእሱን ስልክ ጥሪ በበግ ድምፅ የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ግንቦት 1 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወ/ሮ እታገኝ አዲስ ፕሪንተር እንድገጥምላት ጠራችኝ። የማኅበሩ ኮምፒውተር በእርዳታ የመጣ ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባለው ነው። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣው ሲዲ ግን የዊንዶውስ ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተትኩት፣ ሦስት ጊዜም አላወቀውም። ወ/ሮ እታገኝ የበግ ክትባት ማስታወቂያ ጽፋ እንዲታተም ደጋግማ ብታዝም ፕሪንተሩ መብራቱን እያበራ ዝም አለ። "እትዬ፣ ሁዳዴ መፈታቱን የነገረው የለም" ብላት "አንተ የተረገምክ፣ በጎቹ ሳይከተቡ ቢያልቁም ትስቃለህ!" አለችኝ።

ከጠዋቱ 4፡20 ላይ የማኅበሩን ሊቀ መንበር አቶ ዳኜን ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄደች። ብቻዬን ስቀር፣ ለሙከራ ብዬ የእሷን ማስታወቂያ ራስጌ ሳልነካ ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የበግ ላት ርዝመት ስለሚለካ ማንኛውም አርቢ በጉን ይዞ ግንቦት 12 ቀን በማኅበሩ ግቢ ይቅረብ። ላቱ ያጠረበት ምክንያቱን ያስረዳል።" ቀኑን የመረጥኩት የሚካኤል ዕለት በሬ የሚጠምድ ስለሌለ ነው። እንዲታተም አዘዝኩ፣ አልወጣም። ጽሑፉን አጠፋሁት፤ የጠፋም መሰለኝ።

ረቡዕ በአውቶቡስ መሐል ሜዳ ወርጄ፣ ድራይቨር የሚባለውን ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን የሚያግባባ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አመጣሁ። ለሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ዓርብ እንደገና ሄጄ ትክክለኛውን አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቃሉን የሚያውቀው ኮምፒውተሩን ያስገባው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም ለቅሶ ላይ ነበርና እስኪያነሳ ሁለት ቀን ደወልኩ። ሰኞ ግንቦት 8 ቀን ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ድራይቨሩ ገባ። አሁንም አያትምም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆይቼ ሳየው፣ በተደጋጋሚ ስላቃተው ኮምፒውተሩ ራሱ የማተም ሥራውን አቁሞት ኖሯል። ቀጥል ብዬ አዘዝኩት። የስምንት ቀን ወረፋ ተከታትሎ መውጣት ጀመረ፤ ወ/ሮ እታገኝ እልል አለች። እኔ ወረቀቱን ሳላይ ሄጄ ተኛሁ። እሷ ያዘዘችው አሥራ አንድ ጊዜ ነው፤ የወጣው ግን አሥራ ሁለት ነው።

የማኅበሩ ማኅተም በአቶ ዳኜ ጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ የሚኖር ሲሆን የሚመታው ለገበያ ሲወጡ ብቻ ነው። ማክሰኞ ብሎን መፍቻዬን ልወስድ ቢሮው ስገባ የላይኛውን አንብበው የቀረውን በተርታ ይመቱ ነበር። "ጋሽ ዳኜ፣ መሐሉ ላይ የእኔ የሞት ፍርድ ቢኖርስ?" አልኳቸው። "ያንተን ከሆነ አንብቤም እመታዋለሁ" አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ወረቀቶቹ በየቦታው ተለጠፉ፤ የእኔው የደረሰው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው።

ትናንት ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከሁለት መቶ የሚበልጡ በጎች ግቢውን ሞሉት፤ አጥሩም ወደቀ። መጀመሪያ ስቄአለሁ። ከዚያ ወ/ሮ አረጋሽ የሚባሉ፣ የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡ አሮጊት እጄን ይዘው "ልጄ፣ የኔው ላቱ ያጠረው አምና ታሞ ነው፤ ይህንን ጻፍልኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ፖሊስ ሲመጣ ወ/ሮ እታገኝ "ከእኔ ማሽን ነው የወጣው" ብላ እጇን ሰጠች። ከሥራም ታግዳለች። እኔ መጻፌን እስከዛሬ አታውቅም። ማስረጃ ብጠየቅ፣ የኮምፒውተሩ መዝገብ ወረቀቱ ሰኞ ግንቦት 1 ቀን ከጠዋቱ 4፡40 መታዘዙን ያሳያል። በዚያ ሰዓት እሷ አቶ ዳኜ ቤት ነበረች፤ እሳቸው ይጠየቁ።

ይህ ቃል በእጅ የተጻፈው የጣቢያው ፕሪንተር ስለማይሠራ ነው። እንድጠግነው ተጠይቄ ሌላ ሰው ፈልጉ ብያለሁ።

የተናገርኩት እውነት ነው፤ ቀልድ የለበትም። ማኅተም ከማረፉ በፊት ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ሳጅኑን ለምኜ እስከ መጨረሻው መስመር አንብበውልኛል። ሲነበብ ከግድግዳው ማዶ የታሰረችው ወ/ሮ እታገኝ "አንተ የተረገምክ!" ስትል ተሰምታለች። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፎ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ በዕውቀቱ ሸዋአለም
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ም/ሳጅን ወልደ ጻድቅ ቅጣው (ተነቦ የተመታ)