ጠገራ ብር በሎሚ አይታሽም

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ጉዳይ ከሸሕዲ ወደ መተማ ስሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ኮኪት ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫ ስላልነበረው በአላፊ መኪና ተሳፍሮ ሊያመጣ ሄደ። አብረውን የተሳፈሩት ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ሠራተኞች በእግራቸው ቀጠሉ። እኔ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ከግራር ሥር ቀረን። ሙቀቱ እንኳን መንገድ ሊያስኬድ ወሬም አያስወራ።

ሽማግሌው አቶ ፈረደ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሸሕዲ ገበሬ ናቸው። ከፍየል ቆዳ ከረጢት ዘጠኝ ጠገራ ብር አውጥተው ጋቢያቸው ላይ ደረደሩ። ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ አመድ ፈቱና ግማሽ ሎሚ እየነከሩ አንዱን ብር ያሹት ጀመር።

ወጣቷ እየሩስ ጎንደር ቅርስ አጠባበቅ የተማረች ናት። ጥቂት አየችና ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባቴ፣ አይቆጡኝ እንጂ ብሩን እየጎዱት ነው።»

«እያጸዳሁት ነው እንጂ ልጄ! ቆሻሻ ማን ይወዳል?»

«ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብር ሲያረጅ የሚያወጣው ቆዳው ነው፤ የውስጡን ይጠብቅለታል። አመድዎ ግን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በላዩ የተቀረጸችው ንግሥት ዓይንና አፍንጫ የት ሄደ?»

አቶ ፈረደ ብሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊቱ ከብት እንደላሰው አሞሌ ጨው ልሟል።

«አባቶቻችንም በአመድ ነው ያጸዱት» አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልጸናም።

«እነሱ የያዙት ሊገበያዩበት ነዋ። ዛሬ የሚፈልገው ሰው የሚከፍለው ለመልኩና ለጽሑፉ ነው። መልኩ ከጠፋ ለማቅለጫ ብቻ ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው እኔም ያረጁትን ልለውጥ ነው መተማ የምወርድ። አንድ ነጋዴ ባንድ አሮጌ ሁለት አዲስ ይሰጣል። ባለፈው ወር አንዱን ለወጥሁ፤ ይኸው» ብለው ሁለት የሚያብለጨልጩ ብሮች ለይተው አሳዩን።

«ሐሰተኛ አለመሆናቸውን በምን አወቁ?»

«ድንጋይ ላይ ጥዬ ድምጡን ሰማሁ። በጥርሴም ነከስሁት።»

«መጣሉ ጠርዙን ያጎድለዋል፤ ጆሮም ይታለላል።»

እየሩስ በስልኳ ልባስ ላይ ያለውን ማግኔት ወደ አንዱ አዲስ ብር አስጠጋች። ጥብቅ አለ። ሁለተኛውን ግን አልሳበውም።

«ይኸው! ይኼኛው እውነተኛ ነው» አሉ አቶ ፈረደ ደስ ብሏቸው።

«ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ብር አይደለም አባቴ። መዳብም እርሳስም አይሳብም። ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳስሱት።»

በአሮጌው ጠርዝ ዙሪያውን ጎላ ያሉ ፊደሎች ነበሩ። በአዲሱ ላይ የሞረድ ጭረት ብቻ። እየሩስ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ የተቀረጸበት ዓመተ ምሕረት በሁሉም ላይ አንድ ስለሆነ እውነተኛነቱን አይመሰክርም፤ ክብደቱ ሃያ ስምንት ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ይህንም የወርቅ ቤት ሚዛን ይናገራል።

አቶ ፈረደ ሁለቱን አዲስ ብሮች ከሌሎቹ ገፋ አደረጉ።

«የለወጥሁት የውባንችን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የባለቤቴን። ካንገቷ የማይወርድ። ከሁሉም ያለቀው እሱ ስለሆነ እሱን ሰጠሁት።»

የተማረ ሰው እውነቱን መናገር እንጂ እውነቱ የሚጥለውን ሸክም ማንሣት አይችልም። እየሩስም አንገቷን ደፋች።

«ልጃችን ለሥራ ሱዳን ገባ፤ ጦርነቱ መጣና ድምጡ ጠፋ። እሷም ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ያን ጊዜ ብሮቼን አውጥቼ አሻለሁ። አይሹት ካልሽኝ በእጄ ምን ልሥራበት?»

እየሩስ ጠየቀቻቸው። «ያነባሉ?»

«ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ!»

«እንግዲያው ደብተር ይግዙና ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ብር አንድ ገጽ፤ ክብደቱን፣ ጠርዙን፣ ከማን እንዳገኙት። ሲያነሡት በጠርዙ ይያዙት። ከረጢትዎ ቆዳ ስለሆነ ላብና እርጥበት ይይዛል፤ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ለየብቻ ይጠቅልሉት። ሐሰተኞቹንም ለይተው ያኑሩ፤ ለሰው ያሳዩባቸው።»

«የሄደውንስ?»

«እሱን መጀመሪያ ይጻፉት፤ መልኩ ከልብዎ ሳይወጣ።»

ሾፌሩ ጎማውን ይዞ ሲመለስ አቶ ፈረደ አልተሳፈሩም። መንገዱን ተሻግረው ወደ ሸሕዲ የሚመለስ መኪና ይጠብቁ ጀመር። ሩቅ እስክንደርስ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቆመው ይታዩኝ ነበር።

በታኅሣሥ ሸሕዲ ስገባ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድሁ። የሆነውን ነገሩኝ። ያ ነጋዴ እሳቸው ሰፈር ድረስ መጥቶ ኖሯል። ጎረቤታቸው ሐሚዳ የእናቷን ጠገራ ብሮች ልትለውጥ አውጥታ ቆማለች። አቶ ፈረደ ከባለቤታቸው ለቅሶ ወዲህ የማንንም ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ መታለላቸውንም ለሰው አልተናገሩም፤ አፍረው ነበር።

«ነውሬን በአደባባይ አወጣሁት» አሉኝ። «ሁለቱን ሐሰተኛ ብር ፊቱ ላይ ዘርግቼ ‹ይኼን ለኔ የሰጠኸኝ አንተ ነህ› አልሁት። ያመጣውን አዲስ ብር ሰብስቦ ሄደ፤ የሐሚዳም ተረፈላት።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን እይ። ያልታሸ ብር መልኩን ይዞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የተጻፈለት ብር የባለቤቱን ስም ይናገራል። የተመዘነና ጠርዙ የተነበበ ብር ደሀውን ከአታላይ ያድናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ባለማለቱ የሚገኘው ነው። ያን ቀን ሐሚዳ አቶ ፈረደን በባዶ ሆዳቸው አልሸኘችም። የሰሊጥ ዘይት ያረፈበት ፉል አቀረበች፤ እሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰው ጋር ባንድ ሳህን በሉ።