ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም

የሱሪዬ ወገብ ጠቦኝ አዲስ ላሰፋ ብዬ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ያልሁት አንድ ሐሙስ ነው። ሰውዬው ሜትሩን በወገቤ ሲያዞር ትንፋሼን ውጬ ሆዴን ሳብ አደረግሁ።

«መምህር፣ ሆድዎን ይልቀቁት እንጂ! ልክዎን ከደበቁኝ ሱሪው ነገ ያጋልጥዎታል» አለኝና ሳቅን።

ሳቃችንን ያቋረጠችው ካውያው አጠገብ የቆመችው ሴት ልጁ ናት። አምና አስተምሬያታለሁ፤ በሂሳብ የሚደርስባት አልነበረም። አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና እንድትማር ተቀብሏታል፤ ክፍያው ግን ካባቷ አቅም በላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው አቅም ላነሳቸው ተማሪዎች ክፍያውን የሚሸፍንበት እርዳታ አለው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ ነበር።

«መምህር፣ አባዬ የጻፈውን ይዩልኝ» ብላ ቅጹን ሰጠችኝ። «የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ» ከሚለው ጥያቄ ሥር፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» ይላል።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ለሰላምታ የሚሰጥ መልስ ነው!»

«ታዲያ ምን ልበል? ሠላሳ ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ ኖሬ፣ ገበናዬን ለማላውቀው ጸሐፊ ልዘርግፍ? ደግሞስ ማማረር ፈጣሪን ማስቀየም ነው።»

«ምስጋናው ለፈጣሪ ይድረስ፤ እሱ ቤትዎን ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚያውቅዎ በዚህ ወረቀት ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«የሰው እጅ ማየት ያሳፍራላ!»

«አባዬ፣ ልመና እኮ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ገንዘቡን የሚያዋጡት ቀድሞ በዚሁ እርዳታ የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔም ሥራ ስይዝ ለሌላው አዋጣለሁ።»

ልብስ ሰፊው ግን እሺ አላለም፤ ሜትሩን ይጠቀልል ጀመር። «እኔ ሆዴን ብስብ ተቆጡኝ» አልሁት፤ «እርስዎ የልጅዎን ልክ ከደበቁ፣ ማን በልኳ ይስፋላት?»

ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። «በገዛ ሜትሬ ለኩኝ እኮ!» አለ። ከዚያም ተቀምጦ እንዲህ ሲል እንደገና ጻፈ፦ «ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ የስፌት መኪናና አራት ልጆች አሉኝ። ያለን ለኑሯችን ይበቃል፤ ለዚህ ትምህርት ግን አይበቃም።» ይህን ሳነብ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። በቢሮው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ብዙ ወላጆች ቅጻቸውን አጣጥፈው፣ ለሌላ ጉዳይ የመጡ መስለው ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ብቅ ብላ «ለእርዳታ የመጣ አለ?» ስትል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«አለሁ!» አለ ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ። «አቅሜ አይችልም፤ ልጄ ግን ጎበዝ ናት!»

ከኋላው ሰባት ወላጆች አንድ በአንድ ተነሡ። የሁሉም ልጆች እርዳታውን አግኝተው ዛሬ ከልብስ ሰፊው ልጅ ጋር ይማራሉ፤ ነገ ድልድይ የሚሠሩልን፣ ስንታመም የሚያክሙን እነሱ ናቸው። ሰባቱም ያን ዕለት ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሊመለሱ ነበር።