ቀይ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም

የተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶች፣ ደግሞም እዚህ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ የምታዳምጡኝ ታካሚዎቿ፤ መጥታችሁ ስላከበራችኋት በቤተሰቧ ስም አመሰግናለሁ።

እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ። ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ዛሬ "እሳቸው" እያልኩ መናገር ይገባኝ ነበር። ግን አንቱ ስላት "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" ብላ ወደ ኋላዋ ትዞር ነበር። ስለዚህ እንደለመድነው እሷ እላታለሁ። ድምፄ ከፍ ካለም አትፍረዱብኝ። ስለዚች ሴት ቀስ ብዬ መናገር አልችልበትም። ልቤ ሞልቶ ነው የመጣሁት።

"እማማ ባትሪ" የምትሏት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያቺ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከአንገቷ አትወርድም ነበር። ምግብ ቤት ገብተን የአስተናጋጁን ዓይን አብርታ ስታይ፣ ባሏ በጠረጴዛው ስር እግሯን ይረግጧት ነበር። እሷ ግን ሳትጠይቅ አትለቅም። ያምሃል? ብርሃን ይወጋሃል? እይታህ ቀንሷል? ከመካከላችን ይህን ያልተጠየቀ አለ? ሦስቱም መልስ "አይ" ከሆነ ፊቷ ይፈታል። አንዱ "አዎ" ከሆነ ግን ጨዋታ የለም። "ቀይ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም" ትላለች። ተማሪዎቿን ስታስተምርም፣ ከአለቃ ጋር ስትጣላም፣ ቃሏ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በራችን ተበረገደ። ሙሽራ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ከኋላ አክስቶች። ሰርጉ ነገ ነው። የልጅቷ የግራ ዓይን ደም ለብሷል። ደም ስላችሁ ደም ነው፤ ነጩ ጨርሶ አይታይም። እናትየው "የልጄ ዓይን ጠፋ" እያሉ ወንበር እንኳን አልፈለጉም፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እሷ ምን አደረገች? ጠየቀች። አያምም። ብርሃን አይወጋም። ሙሽራዋ የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታች አነበበችው።

"ጉንፋን ይዞሽ ነበር?"

"ሳሉ ሊገድለኝ ነበር፣ ዶክተር።"

የደም ግፊቷን ለካች። ደህና ነው። "በቃ፣ ስትስዪ አንዲት ቀጭን የደም ስር ተበጥሳ ነው። ቆዳ ሲመታ እንደሚበልዘው ማለት ነው። ቀስ በቀስ ራሱ ይጠፋል። መድኃኒት አያስፈልገውም።"

እናትየው ከመሬት ተነሡ። "ታዲያ የነገው ፎቶ?"

"ፎቶ አንሺው በቀኝ በኩል ይቁማ።"

ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ስንስቅ ዋልን። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ለቅሶ፣ በሽታው ግን ምንም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። እዚያ ከሚስቱ ጎን፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የቆመውን ሰው ታያላችሁ? የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ያን ቀን ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ተጠቅልሎ ያስመልሰው ነበር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ። ሆዱን እየመረመሩለት ነው። እሱ ራሱም "የበላሁት ነገር ነው" ይል ነበር፤ ማን ይጠረጥራል? እሷ ወደዚያ የወረደችው ለሌላ ታካሚ ነው። በአልጋው አጠገብ አልፋ ሄደች፣ ከዚያ ተመለሰች። ለምን ተመለሰች? ቀኝ ዓይኑ ቀላ ብሏል። እንደ ሙሽራዋ እንዳይመስላችሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው የሚመስለው።

"ወንድሜ፣ ዓይንህን ያምሃል?"

"ዓይኔን ተዪው፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።"

"እስቲ አምፖሉን እየው። ዙሪያውን ምን ይታይሃል?"

"ቀስተ ደመና" አለ። "ለሚስቴ ብነግራት የምቀልድ መሰላት።"

ባትሪዋን አበራች። የዓይኑ መስታወት ጉም ለብሷል። ብሌኑ ሰፋ ብሎ ቀርቷል፤ ብርሃን ሲነካው አይጠብም። በዓይኑ ቆብ ላይ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ድንጋይ ሆኗል። አልጋውን ራሷ እየገፋች ወደ እኛ ክፍል ስትመጣ ነው ያየኋት።

በዓይናችን ውስጥ የሚመነጭ ውሃ አለ፤ በጠርዝ በኩል ባለ ጠባብ መውጫ ይፈሳል። መውጫው ድንገት ሲዘጋ ግፊቱ ይንራል። ራስ ይበጠብጣል፣ ሆድ ያናውጣል፣ በሰዓታት ውስጥ የማየት ነርቭን ይገድላል። ድንገተኛ ግላኮማ የምንለው ይኸው ነው። ጠብታ አደረግንለት፣ ክኒን ሰጠነው፣ በደም ስሩም መድኃኒት ገባለት። ሚስቱ እጇን ያዘቻት።

"ይታወርብኝ ይሆን?"

"አላውቅም" አለቻት። ለማጽናናት ብላ እንኳን አትዋሽም ነበር። "ግን እኔም ከዚህ አልነቃነቅም።"

አልተነቃነቀችም። ግፊቱ ወረደ። ጉሙ ሲገፈፍ ባለ ቀለሙ የዓይኑ ክፍል ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ከፈተችለት፤ ውሃው መተላለፊያ አገኘ። ደህናውንም ዓይኑን እንዲሁ ሠራችለት፤ "እሱም ተራውን እየጠበቀ ነው" ብላ። ለመሆኑ ዛሬ ከሐኪም ቤቱ በር ጭኖ እዚህ ያመጣችሁን አውቶቡስ ማን ነበር የሚነዳው? እሱ ነው! በሁለት ደህና ዓይኖቹ!

የልብስ ስፌት ፋብሪካዋን እህታችንንም አልረሳትም። ፋብሪካው በሙሉ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሥራ አስኪያጁ "ለሁሉም አንድ ጠብታ አድዪልኝና ወደ ማሽናቸው ይመለሱ" አላት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ብዙዎቹ የሚያስለቅስ፣ ጠዋት ጠዋት ዓይናር የሚያጣብቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቫይረስ ነበረባቸው። እጅ መታጠብ፣ ፎጣ አለመዋዋስ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እቤት ማረፍ። ቁልፍ የምትተክለው ሴት ግን ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ቅላቱ በአንድ ዓይኗ ብቻ፣ በጥቁሩ ዙሪያ ነው። ዓይናር የለም። ብሌኗ ጠቧል። ብርሃን ይወጋታል።

"ይህችኛዋ ከእኔ ጋር ትሄዳለች" አለችው። የዓይኗ ውስጠኛ ክፍል ነበር የተቆጣው። ብሌን የሚከፍት ጠብታና ቁጣውን የሚያበርድ ጠብታ ጀመረችላት፤ ሁለተኛውን ግን በቅርብ እየተከታተለች፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከተደረገ ዓይን ያጠፋልና። ያን ጠብታ ከጎረቤት ተውሶ የሚያደርግ ሰው ስታገኝ እንዴት እንደምትቆጣ የቀመሰ ያውቀዋል።

የመጨረሻውን የምነግራችሁ ባለቤቷን አስፈቅጄ ነው። ልቧ ድንገት ከድቷት ስትሄድብን፣ ዓይኗ ለሰው እንዲሰጥ ቀድማ ተናዛ ነበር። ጋሼን ላናግራቸው ገባሁ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ፊቷ ይለወጣል?" አሉኝ።

"አይለወጥም፣ ጋሼ። የምንወስደው ከዓይኗ ፊት ያለችውን ጥርት ያለች ሽፋን ብቻ ነው።"

"ዕድሜ ልኳን እኔን ያየችው በዚያች ሽፋን በኩል ነው" አሉ። ቀጥለውም "እየሰሰትኩ ነው የምሰጥህ። ሐሳቤን ሳልቀይር ውሰዳት" አሉኝ።

ትናንት አንደኛዋን ሽፋን ለአንዲት ሴት ተከልኩላት። ማን እንደሆነች አልናገርም። የቀላ ዓይኗ በጊዜው ሳይታከም ቆስሎ፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ፣ ለዓመታት ነጭ ግድግዳ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ማሰሪያውን ፈታሁላት።

"ምን ይታይሻል?"

"ጭጋግ ነው" አለች። "ቆይ… ሰው አለ።" አንገቷን ሰገግ አድርጋ አፈጠጠችብኝ። "ጺምህን አልተላጨህም እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ እዩኝ። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ነርሶቹ ያበድኩ መስሏቸዋል። የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ወደ ክፍላችን ገብቼ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበሯን ደጋግሜ አየሁ።

እንግዲህ ለአንቺው ልንገርሽ፣ ጓደኛዬ። አየች። ጭጋጉ እየሳሳ ይሄዳል፣ ገና ብዙ ታያለች። ጋሼ ለብቻቸው አይቀሩም፤ ምሳችንን አብረን እንበላለን። ወረፋ የያዙ ታካሚዎችሽንም እኔ አይልሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ይጠብቁኛል።

ደክመሻል፣ እረፊ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።